ለሜዳ ሪሞት መኪና ሻፍት ሲመርጡ፦ ከመግዛትዎ በፊት ምን ይለኩ?

የሪሞት መኪና ሻፍት ሲሰበር ብዙ ሰው የሚያደርገው አንድ ነው፤ ስልኩን ያነሳና በጣም ውዱንና በጣም የሚያብረቀርቀውን ይፈልጋል። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም አግኝቶ ያዝዛል። ዕቃው መጥቶ ይገጠማል፤ ብዙም ሳይቆይ ሻፍቱ ደህና ሆኖ ዲፈረንሻሉ ይፈርሳል፣ ወይም ያ የሚያብረቀርቀው ሻፍት ራሱ ታጥፎ ይወጣል። ችግሩ የሻጩ አይደለም። ሻፍት ርካሽና ውድ፣ ደካማና ጠንካራ ተብሎ በአንድ መስመር የሚደረደር ዕቃ ስላልሆነ ነው። ሻፍት የሚመረጠው በሚገባበት ቦታ ነው። የፊቱ፣ የኋላውና የመሃሉ የሚሠሩት ሥራ ይለያያል፤ ስለዚህ በአንዱ ቦታ ድንቅ የሆነው በሌላው ቦታ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ከዚህ በታች ያለው በ1/10 እና በ1/8 መጠን ለሚሠሩ፣ በአፈር፣ በሣርና በድንጋይ ላይ ለሚነዱ የኤሌክትሪክ መኪኖች የተጻፈ ነው። ለአስፋልት ውድድር መኪናም አብዛኛው ይሠራል፤ እዚያ ግን የጎማው መነሣትና መውረድ ትንሽ ስለሆነ ጣጣውም ያንሳል።

መጀመሪያ፦ መኪናዎ ስንት ሻፍት እንዳለው ይወቁ

መኪናውን ገልብጠው ያስቀምጡና ከሞተሩ እስከ ጎማው ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ በጣትዎ ይከተሉ። በሁለት ጎማ የሚነዳ ባጊ ወይም ትራክ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከኋላው ዲፈረንሻል ግራና ቀኝ የሚወጡ ሁለት ሻፍቶች አሉ፣ አለቀ። የፊት ጎማዎቹ በነፃነት ስለሚዞሩ ሻፍት የላቸውም። በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ወደ ጎማ የሚሄዱ አራት፣ ከዚያም ፊትንና ኋላን የሚያገናኙ አንድ ወይም ሁለት የመሃል ሻፍቶች ያገኛሉ። በድንጋይ ላይ በዝግታ የሚወጣው ክሮለር ደግሞ እንደ ትልቁ ላንድክሩዘር ነው፤ ከመሃል ማርሽ ሳጥኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አክስል የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ሻፍቶች አሉት፣ ጎማውን የሚያዞሩት ደግሞ በአክስሉ ቱቦ ውስጥ ተደብቀዋል።

አሁን እያንዳንዱን ቦታ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁት። ሻፍቱ ምን ያህል ይታጠፋል? ጎማው ሲነሣና ሲወርድ ምን ያህል መርዘምና ማጠር አለበት? ስንት ኃይል ያልፍበታል? የቀረው ምርጫ ሁሉ ከእነዚህ መልሶች ይመጣል።

ገበያ ላይ የሚያገኟቸው ዓይነቶች

በጣም ቀላሉ ዶግቦን ነው። ቀጥ ያለ ዘንግ ሆኖ ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ክብ ራስና በራሱ ውስጥ በአግድም ያለፈ ፒን አለው። እያንዳንዱ ጫፍ ሁለት ስንጥቅ ባለው ኩባያ ውስጥ ይገባል፤ አንዱ ኩባያ ከዲፈረንሻሉ የሚወጣው ሲሆን ሌላው የጎማው አክስል ላይ ነው። የሚይዘው ነገር የለም፤ በኩባያው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ርካሽ ነው፣ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ለመቀየርም ደቂቃ አይፈጅም። ድክመቱ ሁለት ነው፤ ብዙ ሲታጠፍ ፒኑ ከስንጥቁ ሊወጣ ይችላል፣ በሁለቱም ጫፍ ልቅ ስለሆነም ርዝመቱ በትክክል ካልገጠመ በዝላይ ላይ ተወርውሮ ይጠፋል። ሣር ውስጥ የወደቀ ዶግቦን የፈለገ ሰው ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሲቪዲ ወይም ዩኒቨርሳል የሚባለው ነው። ከውስጥ በኩል ያው የዶግቦን ጫፍ አለው፤ ከጎማው በኩል ግን ዘንጉና የጎማው አክስል በአንድ መገጣጠሚያ ተያይዘዋል። መገጣጠሚያው በመሃሉ ትንሽ በርሜልና ፒን ያለው ሲሆን የሚሠራው እንደ ትልቁ መኪና ክሮቼራ ነው። የጎማው በኩል ስለተያዘ መውጣት አይችልም፤ ከዶግቦንም የበለጠ ይታጠፋል። ሲቪዲ የሚለውን ስያሜ ያስለመደው የካሊፎርኒያው ኤም.አይ.ፒ. ነው። አሶሼትድ ሲቪኤ ይለዋል፣ ታሚያ ደግሞ ዩኒቨርሳል ሻፍት ብሎ ይሸጠዋል። ስሙ «ቋሚ ፍጥነት» የሚል ቢሆንም መገጣጠሚያው አንድ ብቻ ነውና ሲታጠፍ ፍጥነቱ ቋሚ አይደለም፤ ይህን ከታች በቁጥር እናየዋለን።

ሦስተኛው ባለ ድርብ መገጣጠሚያው ነው፤ ብዙ ጊዜ ዲሲጄ ይባላል። ከጎማው በኩል አንድ ሳይሆን ሁለት መገጣጠሚያ በትንሽ ርቀት ተከታትለው ይቀመጣሉ፤ መታጠፉን እኩል ስለሚካፈሉት የአንዱን መንገጫገጭ ሌላው ያጠፋዋል። ለፊት ጎማ የተፈጠረ ነገር ነው።

አራተኛው ተንሸራታቹ ሻፍት ነው። ዘንጉ ራሱ ሁለት ክፍል ሆኖ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባና እየወጣ ይረዝማል፣ ያጥራል። ሁለቱም ጫፎቹ ላይ ክሮቼራ ስላለ ከየትም በኩል አይወጣም። ትራክሳስ ስላሽን የመሰሉ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በፕላስቲክ የተሠራውን ይዘው ይመጣሉ፤ በክሮለሮች መሃል ላይ የሚገባውም ይኸው ዓይነት ነው።

በእውነተኛው መኪና የፊት ጎማ ላይ ያለው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ፣ በ1920ዎቹ የፎርድ መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ዜፓ የፈጠረው፣ በሚችለው ልክ ውስጥ ምንም ያህል ቢታጠፍ ፍጥነቱን ሳይቀይር ያስተላልፋል። በሪሞት መኪና መጠን ግን ብዙም አይታይም፤ ኳሶቹን በዚያ ስፋት ውስጥ አጥንክሮና አስተካክሎ መሥራት ውድ ነው። ስለዚህ እኛ የምንመርጠው ከላይ ካሉት ከአራቱ ነው።

መታጠፉን ይለኩ

መኪናውን ጠረጴዛ ላይ ያኑሩና የሾኮቹን ሞላ ያውልቁ፤ ክንዱ በነፃነት ከላይ እስከ ታች መንቀሳቀስ አለበት። ከመኪናው ፊት ወይም ኋላ ሆነው ሻፍቱን ይመልከቱ። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ሻፍቱ ከአግድም መስመር ስንት ዲግሪ እንደሚያዘነብል በልጆች ፕሮትራክተር ይለኩ፤ ከሌለም በስልክ ፎቶ አንሥተው ወረቀት ላይ ይሥሩት። የፊቱን ሲለኩ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው ነው። እዚያ የማዘንበሉ ዲግሪና የመሪው ዲግሪ ስለሚጣመሩበት ትልቁን ቁጥር የሚያገኙት ከፊት ነው።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል? ክሮቼራ መሰል አንድ መገጣጠሚያ ሲታጠፍ የሚያስተላልፈው ዙር እኩል አይሆንም። የሚገባው ዘንግ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም የሚወጣው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። መጠኑ ከዲግሪው ጋር በፍጥነት ያድጋል። በ10 ዲግሪ ልዩነቱ 1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ማንም አይሰማውም። በ20 ዲግሪ 6 በመቶ ይደርሳል። በ30 ዲግሪ ጎማው ከትክክለኛው ፍጥነት እስከ 15 በመቶ ይፈጥናል፣ እስከ 13 በመቶ ደግሞ ይዘገያል። በ45 ዲግሪ ከሆነ 41 በመቶ ይፈጥናል። በዚህ ጊዜ መኪናው በጠባብ መታጠፊያ ላይ ጋዝ ሲሰጡት የፊት ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ መሪውም ከእጅዎ በላይ የሚንከላወስ ይመስላል። የመሪ ሰርቮ ተበላሸ ብለው የሚቀይሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳድዱት ይህንኑ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ይወስኑ። ከ15 ዲግሪ በታች የሚታጠፍ ቦታ ላይ ዶግቦን በቂ ነው፤ የ1/8 ባጊ የመሃል ሻፍት ከዚህ አያልፍም፣ ለዚያም ነው በውድድር የሚያሸንፉት መኪኖች ጭምር መሃላቸው ላይ ተራ ዶግቦን የሚያኖሩት። ከ15 እስከ 25 ባለው ውስጥ፣ ይህም የአብዛኛው የኋላ ጎማ ክልል ነው፣ ዶግቦን ይሠራል፤ ሲቪዲ ግን ይሻላል። ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ማለትም በአራት ጎማ በሚነዳ መኪና ፊት፣ ሲቪዲ ዝቅተኛው ነው፤ መሪው ብዙ የሚዞር ከሆነና በፍጥነት የሚነዱ ከሆነ ደግሞ ዲሲጄ ገንዘቡን ያወጣል። ዲሲጄን ከኋላ የሚገጥሙ አሉ። ለምን እንደሚገጥሙት አይገባኝም፤ የኋላ ጎማ መሪ የለውም፣ የተጨማሪው መገጣጠሚያ ትርፉ የሚያልቅ ፒን ማብዛት ነው።

ስለ ዶግቦን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ጫፎቹ በተቀራራቢ ዲግሪ ከታጠፉና ሁለቱ ፒኖቹ በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ የአንዱ ጫፍ መንገጫገጭ የሌላውን ያካክሳል። ከኋላ ሲሆን ይህ በራሱ ይሟላል ማለት ይቻላል። ከፊት መሪው ሲዞር ግን የጎማው በኩል ብቻውን ይታጠፋል፤ ማካካሱ የሚፈርሰው ያኔ ነው።

ርዝመቱን ሲለኩ አይቸኩሉ

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የምቆየው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። ሻፍቱ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የሁለት ሚሊሜትር ስህተት ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ያስጠብቃል።

ጎማው ሲነሣና ሲወርድ ክንዱ የሚዞርበት ነጥብ ሌላ ነው፣ ሻፍቱ የሚታጠፍበት ነጥብ ሌላ ነው። ሁለቱ የሚሠሩት ቅስት ስለማይገጥም በሁለቱ ኩባያዎች መካከል ያለው ርቀት ያለማቋረጥ ይቀያየራል። ሻፍቱ ያንን ልዩነት በኩባያው ውስጥ በመንሸራተት ነው የሚውጠው። አጭር ከሆነ ጎማው ሲወርድ ፒኑ ወደ ኩባያው አፍ ይቀርባል፤ ጫፉ ላይ ብቻ ስለሚይዝ አፉን ይሰብረዋል ወይም ይወጣል። ረጅም ከሆነ ደግሞ በሆነ ቦታ ላይ ጫፉ የኩባያውን ወለል ይነካና ክንዱን ይገትራል፤ መኪናው ዘሎ ሲያርፍ ዱላው በሙሉ በዲፈረንሻሉ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል።

አለካኩ እንዲህ ነው። የድሮው ሻፍት ካለዎት በካሊፐር ከአንዱ ፒን መሃል እስከ ሌላው ፒን መሃል ይለኩ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ ቁጥር አይጠቅምም፣ የራሱ ክብ በየፋብሪካው ይለያያልና። ሲቪዲ ከሆነ ከውስጠኛው ፒን መሃል እስከ መገጣጠሚያው ፒን መሃል ነው። ቀጥሎ የፒኑን ውፍረት፣ የፒኑን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ የክብ ራሱን ስፋት፣ የኩባያውን ውስጣዊ ስፋትና የስንጥቁን ወርድ ይለኩ። የሲቪዲ አክስል ከሆነ ደግሞ በኩሽኔታው ውስጥ የሚያልፈውን ክፍል ውፍረትና የጎማ ማሠሪያውን ጥርስ መጠን ይጨምሩ። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፈው መኪናው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡት።

አዲሱን ሲገጥሙ ሞላ ሳይኖር ክንዱን ከታች እስከ ላይ በዝግታ ያንቀሳቅሱ። በየቦታው ሻፍቱን በጣትዎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይግፉት። ርቀቱ በጣም በሚጠብበት ቦታ ላይ ቢያንስ አንድ ሚሊሜትር ያህል መንቀሳቀስ አለበት። በጣም በሚሰፋበት ቦታ ላይ ደግሞ ሻፍቱን ወደ አንዱ ኩባያ ሙሉ በሙሉ ገፍተው ሌላኛው ፒን አሁንም በስንጥቁ ውስጥ ደህና መግባቱን ይዩ። ፒኑ አፉ ጋ ከደረሰ ሁለት መድኃኒት አለ። አንዱ ሾኩ ውስጥ ወይም ክንዱ ላይ ገደብ አድርጎ ጎማው ያን ያህል እንዳይወርድ ማድረግ ነው፤ ብዙ ክንዶች ለዚሁ የተሠራች ትንሽ ብሎን አላቸው። ሌላው ልቅ የሆነውን ዶግቦን መሃል ለማስያዝ ኩባያው ውስጥ ለስላሳ ጎማ ቀለበት ወይም ትንሽ ሞላ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የሚሠራው ቦታ ሲተርፍ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ በጠበበበት ቦታ ላይ ደግመው ይፈትሹት።

ፒንና ውፍረት

ሻፍት የሚሰበረው በሦስት መንገድ ነው፤ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ዘንጉ ይታጠፋል፣ ወይም ፒኑ ይቆረጣል። የዘንግ ጥንካሬ ለመጠምዘዝ ከውፍረቱ ኩብ ጋር ያድጋል። ከ3 ወደ 4 ሚሊሜትር ማደግ ትንሽ ይመስላል፤ ስሌቱ ግን 2.4 ጊዜ ያህል ይጠነክራል ይላል። ፒን ደግሞ የሚቆረጥበት ስፋት ነው የሚቆጠረው፤ ከ2 ወደ 2.5 ሚሊሜትር ሲያድግ ከግማሽ በላይ፣ ከ2.5 ወደ 3 ሲያድግ 44 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ስለዚህ ሁለት ሻፍቶችን ሲያወዳድሩ ማስታወቂያው ስለ ብረቱ ዓይነት ከሚለው በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዩ። የተሻለ ብረት ከቀጭን ፒን ጋር የሚሸጥ ብዙ ነው።

በሙቀት የተጠነከረ ስቲል ለሜዳ መኪና የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ከመሰበር በፊት ትንሽ ይታገሣል፣ ፒኑን ይችለዋል። ታይታኒየም ቀላልና ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሲፋተግ ቶሎ ይበላል፤ ለውድድር እንጂ በየሳምንቱ ለመጋለብ አይደለም። ፕላስቲክ ከሚባለው በላይ ጥሩ ነው፤ ይጠመዘዛል፣ ይመለሳል፣ ድንጋይ ቢመታው አይታጠፍም፣ ርካሽም ነው። ባለ 2 ሴል ባትሪ ላለው በሁለት ጎማ ለሚነዳ ትራክ የፋብሪካውን ፕላስቲክ ተንሸራታች ሻፍት የሚቀይሩበት ምክንያት ብዙ ጊዜ የለም። ወደ 3 ሴል ብራሽለስ ሲገቡ ግን ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ያኔ ስቲል ጊዜው ነው። ትራክሳስም ራሱ፣ ኤም.አይ.ፒ.ም ለዚሁ የሚሆን ይሸጣሉ።

አሉሚኒየም ላይ ሐሳቤ ጠንከር ያለ ነው። ለመዝለልና ለመውደቅ የሚገዛ መኪና ላይ የአሉሚኒየም ሻፍት አልገጥምም። ክብደት ይቀንሳል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ይቀንሳል። ግን ሻፍት ቀጭን ስለሆነና ክብደቱ ሁሉ ከሚዞርበት መሃል አጠገብ ስለሆነ፣ መኪናው ለመነሣት ካለበት ሸክም ውስጥ ድርሻው ከጎማውና ከሪሙ ጋር ሲወዳደር እዚህ ግባ አይባልም። ጎማዎን በቀላል ቢቀይሩ የሚያገኙት ለውጥ ይበልጣል። ለዚህች ትርፍ ብለው የሚታጠፍ ዘንግ፣ ከዚያም በጠንካራ የስቲል ፒን የሚበላ ለስላሳ ቀዳዳ ይገዛሉ። በተጠረገና በተስተካከለ ሜዳ ላይ ለሰከንድ ክፍልፋይ የሚሽቀዳደም ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ምን እንደሚያጣ ያውቃል፣ በየጊዜውም ይቀይራል።

ኩባያውንም አብረው ያስቡት። ጠንካራ ፒንና ለስላሳ ኩባያ ሲገናኙ ፒኑ በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል። በጥፍርዎ ሲዳስሱት የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ኩባያው አልቋል። ጉዳቱ መልፈስፈስ ብቻ አይደለም፤ ጋዝ ሲሰጡ ፒኑ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተጨንቆ ስለሚቀመጥ ሻፍቱ መንሸራተት ያቅተዋል፤ መንሸራተት ካቃተው ክንዱም አይንቀሳቀስም። መኪናው ጋዝ ላይ ሲሆን እንደ ድንጋይ ጠጣር ሆኖ በእብጠቶች ላይ ይነጥራል፣ ጋዝ ሲለቁለት ይለሰልሳል። ሾክ ዘይት እየቀየሩ ከመድከምዎ በፊት ይህን ይሞክሩ፤ ሞላውን አውልቀው አንድ እጅዎ የሞተሩን ጥርስ አጥብቆ እንዲይዝ ያድርጉና በሌላው እጅዎ ጎማውን ለማዞር እየታገሉ ክንዱን ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ከያዘ ጥፋተኛው ኩባያው ነው። አንዳንድ መኪኖች ይህንኑ ለመከላከል ፒኑ ላይ የሚለበስ ትንሽ ፕላስቲክ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲያልቅ እሱን ብቻ መቀየር ነው።

የቱ ይሰበር?

ይህ እንግዳ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን መኪናው ሙሉ ጋዝ ላይ ሆኖ ከአየር ላይ ሲወርድ በፍጥነት የሚሽከረከረው ጎማ መሬት ሲነካ በቅጽበት ይገታል። የሞተሩና የጎማው ኃይል የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሰንሰለቱ ከሞተር ጥርስ ወደ ትልቁ ጥርስ፣ ከዚያ ወደ ዲፈረንሻል፣ ወደ ኩባያ፣ ወደ ፒን፣ ወደ ዘንግ፣ ወደ ጎማ ነው። በጣም ደካማው ይሰበራል። ሻፍቱን አጠንክረው ሲጨርሱ የሚሰበረው ቀጣዩ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሱ የዲፈረንሻሉ ጥርስ ነው። ሻፍት ለመቀየር አንድ ሁለት ብሎን ይፈታሉ፤ ዲፈረንሻል ለመቀየር ግማሹን መኪና ይበትናሉ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ስለዚህ ርካሹና ቶሎ የሚቀየረው ክፍል እንደ ቤት ፊውዝ ቀድሞ ቢሄድ ይሻላል። መኪናዎ ስሊፐር ክላች ካለው እሱ ይህን ሥራ እንዲሠራ አድርገው ያስተካክሉት፤ ጎማዎቹን መሬት ላይ ይዘው ጋዝ ሲሰጡ በጥቂቱ እንዲንሸራተት። ክላች ከሌለው የፋብሪካውን ሻፍት ትተው መለዋወጫውን በቁጥር ቢያከማቹ ውድ ሻፍት ከመግዛት የሚሻልበት ጊዜ አለ። ወደ 4 ሴል ወይም ወደ 6 ሴል ሲወጡ ደግሞ ሻፍቱን ብቻ ነጥለው አያጠንክሩ፤ ዲፈረንሻሉና ኩባያው አብረው ካልጠነከሩ ስብራቱን ወደ ውስጥ መግፋት ብቻ ነው። መሬት ከመንካትዎ በፊት ጋዝ መልቀቅን የለመደ ጣት ደግሞ ከማንኛውም ብረት ይበልጣል፤ በነጻም ነው።

ለክሮለር ሲመርጡ

እዚህ ፍጥነት የለም፤ ኃይሉ ግን በዝግታና በሙሉ ክብደት ይመጣል፣ አክስሉም ከፍና ዝቅ ሲል የመሃል ሻፍቱ በብዙ ይረዝማል፣ ያጥራል። ተንሸራታች ሻፍት የግድ ነው። ሲገዙ ሁለት ነገር ይለኩ፤ ሙሉ ተዘግቶ ስንት ይሆናል፣ ሙሉ ተከፍቶ ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች ምን ያህል ተጠላልፈው ይቀራሉ። ሲከፈት ጫፍ በጫፍ ብቻ የሚያዝ ከሆነ ድንጋይ ላይ ይሰነጠቃል።

ሲገጣጥሙት በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር ላይ ይሁኑ። አንዱን ጥርስ ዘለው ካስገቡት መንገጫገጩ በሙሉ አይተካካስም፤ መኪናው በዝግታ ሲሄድ እንኳ እየተንገጫገጨ ሲራመድ ያዩታል። በአክስሉ ውስጥ ላለው የፊት ሻፍት ስቲል ሲቪዲ ይምረጡ፤ መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ ጎማው በድንጋይ መካከል ሲቀረቀር የሚቆረጠው እሱ ነው። በ2017 የወጣውን ትራክሳስ ቲ.አር.ኤክስ-4ን የመሰሉ ፖርታል አክስል ያላቸው መኪኖች የመጨረሻውን የጥርስ ቅናሽ ጎማው ጋ ስለሚያደርጉ ሻፍታቸው የሚሸከመው ኃይል ያነሰ ነው፤ እነዚያ ላይ ለማጠንከር መቸኮል አያስፈልግም።

ሲገጥሙና ከገጠሙ በኋላ

የሲቪዲ መገጣጠሚያ ፒን ብዙ ጊዜ የሚያዘው ራስ በሌላት ትንሽ ብሎን ነው። ይህች ብሎን ከላላች ፒኑ ተንሸራቶ ይወጣና የጎማ መያዣውን ከውስጥ ይፈጨዋል። ቀዳዳውን ከዘይት ያጽዱ፣ ሰማያዊውን የብሎን ሙጫ አንዲት ጠብታ ያድርጉና ሳይጨክኑ ያጥብቁ። ሙጫው አንዳንድ ፕላስቲክን ስለሚያሰነጥቅ ወደ ጎን እንዳይፈስ ይጠንቀቁ። ብሎን በሌለበት ፒኑን ቀለበት ወይም ኩሽኔታው ራሱ ሸፍኖ የሚይዝ አሠራር ካገኙ ያንን ይምረጡ፤ የሚላላ ነገር የለውም።

ግራሶን በሁሉም ቦታ አይቀቡ። በሲቪዲው መገጣጠሚያ ውስጥ ወፍራም ግራሶ ጥቂት ያስፈልጋል፤ ላስቲክ ሽፋን ካለው ደግሞ ይቆያል። አፉ ክፍት በሆነው ኩባያ ውስጥ ግን የተቀባ ግራሶ የሜዳውን አቧራ ይሰበስብና እንደ አሸዋ ወረቀት ፒኑንም ኩባያውንም ይልጋቸዋል። በጋ ላይ በደረቅ አፈር ከነዱ ኩባያውን ደረቅ ይተዉትና ሲጨርሱ በብሩሽ ያጽዱት። ጭቃ ውስጥ ከነዱ ሻፍቱን አውጥተው ያድርቁት፤ በሙቀት የተጠነከረ ስቲል ለዝገት ሲፈጥን ያስደንቃል።

ሻፍቱ ታጥፎ እንደሆነ ከተጠራጠሩ ከመኪናው አውጥተው በመስታወት ላይ ያንከባሉት፤ ከተጣመመ በሚዞርበት ጊዜ ከሥሩ የሚገባው ብርሃን ይሰፋል፣ ይጠባል። የታጠፈ ስቲል በመዶሻ አይቃና፤ የተቃናበት ቦታ ላይ ደግሞ ይሰበራል። ቀጥ ያለ ሆኖ ፒኑ ብቻ በአንድ ጎን ተበልቶ ካገኙት ግን አይጣሉት። መኪናው በአብዛኛው ወደ ፊት ስለሚሄድ ፒኑም የሚበላው በአንድ ፊቱ ነው። የግራውና የቀኙ ሻፍት እኩል ርዝመት ካላቸው ያለዋውጧቸው፤ ያልተነካው ፊት ሥራ ይጀምራል። ዲፈረንሻሉን ለማጽዳት በሚፈቱበት ቀን ኩባያዎቹንም እንዲሁ ግራና ቀኝ ቢቀያይሩ በተመሳሳይ ዕቃ ሌላ ወቅት ይነዳሉ።